የአባሪዋ ገመድ

ከጉርማን ተራራ አናት፣ ከዋሻው ውስጥ፣ ከጥንት ጀምሮ ያልተቋረጠ አንድ ዝማሬ ይወጣ ነበር። የወርቅ ክንፍ ያላቸው ንቦች ዝማሬ ነው። ከእነሱ ሥር፣ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ፣ እሳት ተንፋሹ ዘንዶ ሞጋር ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እንቅልፉም የዚያ ዝማሬ ሥራ ነው። የናሆራ ሰው ዝማሬውን እየሰማ ይወለዳል፣ እየሰማ ያርሳል፣ እየሰማ ይቀበራል። ከመልመዱ የተነሣ ግን ጆሮ አይሰጠውም። ጆሮ የሰጠው ዝማሬው በተለወጠ ዕለት ነበር።

በዚያ ማለዳ ንቦቹ አለቀሱ። ድምፃቸው ከፍ ዝቅ የሚል፣ ልብ የሚያሸብር ሙሾ ሆነ። ከተራራው ግርጌ የነበሩ ከብቶች መጋጥ ትተው ቆሙ፤ ምድሪቱም የተኛ ሰው ጎኑን ሲለውጥ እንደሚሆነው አንዴ ተነቃነቀች። የዋሻው ጠባቂ ሰርጉላ ልጇን ሐመልማልን አስከትላ ስትደርስ የቀፎው አፍ ተሰብሯል፤ መሬቱ በሞቱ ንቦች ተሸፍኗል። ሰርጉላ አንዷን ንብ አንሥታ አሸተተች።

«ዝባድ» አለች። «የቆርዛል ሰዎች የሚቀቡት ሽቶ ነው። ሌቦቹ ተቀብተውት ነበር።»

«እማ፣ እነዚህን ግን ማን ገደላቸው? ሰው የረገጣቸው አይመስሉም።»

«የገዛ እኅቶቻቸው ናቸው። ዝባድ የነካትን ንብ መንጋው አያውቃትም፤ ባዕድ መጣች ብሎ ነድፎ ይጥላታል።»

ይህን ብላ ጆሮዋን ወደ ቀፎው አስጠጋችና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«አውራዋን ወስደዋታል፣ ልጄ።»

አውራ የመንጋው ሁሉ እናት ናት። የወርቅ ክንፍ ያላት አውራ ደግሞ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ትወለዳለች። እሷ ከሌለች አዲስ ንብ አይፈለፈልም፤ ያሉትም በአርባ ቀን አርጅተው ያልቃሉ። በአርባኛው ቀን ዝማሬው ይቆማል፤ ዝማሬው ሲቆም ሞጋር ይነቃል፤ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያገኘው ከቀፎው አጠገብ የተቀመጠችውን ሰርጉላን ነው።

«ተነሺ እንውረድ» አለቻት ሐመልማል እጇን እየጎተተች። «ማንም አይወቅስሽም።»

«እኔ ከወረድኩ እሳቱን ማን ያነዳል? መንጋው ብርድ ከመታው አርባውንም ቀን አይቆይም። አንቺ ሂጂና ለንጉሡ ንገሪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሐመልማል እያለቀሰች ወረደች። እናቷ አንዴ «እዚሁ ነኝ» ካለች የሚያነቃንቃት እንደሌለ ታውቃለች።

የናሆራ ንጉሥ ሠራዊት አልሰደዱም። ቆርዛል አሥራ አምስት ቀን የሚያስኬድ፣ በሰባት ግንብ የታጠረ አገር ነው፤ ግንብ ሲሰብሩ አርባው ቀን ያልቃል። ስለዚህ መልእክተኛ ተመረጠ፤ አፈ መንግሥት ወልደራም። ሠላሳ ዓመት በባዕድ አደባባይ ቆመው ድምፃቸው አንድም ቀን ያልተንቀጠቀጠ፣ ጢማቸው የተበጠረ፣ ካባቸው ከሩቅ በሽቶ የሚያውድ ታላቅ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋርም አባሪዎች ተመደቡ።

ስለ አባሪ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ዘፋኝ የዘፈነለት ፍጥረት አይደለምና። መልእክተኛ ቋንቋና ወግ ያውቃል እንጂ ሁሉን ሊያውቅ አይችልም። ስለ ጦር የሚያውቅ አንድ፣ ስለ መድኃኒት የሚያውቅ አንድ፣ ነገሩ የድንበር ከሆነ መሬት የሚለካ አንድ ከኋላው ይታከልለታል። አባሪ ያውቃል፤ አይናገርም። በባዕድ ንጉሥ ፊት የሚከፈተው አፍ አንድ ብቻ ነው። አባሪው አፉን በነጭ ጨርቅ አስሮ ከመልእክተኛው ጀርባ ይቀመጣል፤ ከእጁ አንጓ እስከ መልእክተኛው መታጠቂያ ድረስ አረንጓዴ የሐር ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ሦስት ቃል አለው። አንድ ጊዜ ሲሳብ «እውነት ነው»፣ ሁለት ጊዜ ሲሳብ «ሐሰት ነው»፣ ሦስት ጊዜ ሲሳብ «አደጋ አለ» ማለት ነው። አራተኛ ቃል የለውም። አባሪው ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ማብቃቃት አለበት። ከላያቸው አረንጓዴ ዣንጥላ ይዘረጋል፤ በዣንጥላው ሥር ያለን ሰው የትኛውም ንጉሥ አይነካውም። ገመዱን ፈትቶ በገዛ አንደበቱ የተናገረ አባሪ ግን ከዣንጥላው ወጥቷልና ዕድሜ ልኩን የዚያ አገር ንጉሥ ንብረት ይሆናል።

በዚህ ጉዞ የንብ አባሪ መሆን የሚገባት ሰርጉላ ነበረች። እሷ ከዋሻው አልወርድም ስላለች የሃያ አንድ ዓመቷ ሐመልማል ቀረበች። በንጉሡ ፊት ተንበርክካ፣ እጇን በሰፈፍ፣ በንቡ ሰም፣ ላይ አድርጋ ማለች፦

«በተራራው፣ በንቡና በማሩ እምላለሁ። ያየሁትን በገመዱ እናገራለሁ፤ ከገመዱ በላይ አልናገርም። ብናገር ዣንጥላው አይከልለኝ፤ አገሬም ልጄ አትበለኝ።»

ቃሉ ከባድ ነበር። እሷ ግን ልቧ ዋሻው ውስጥ ስለነበር አልመዘነችውም፤ ቶሎ ብላ ምላ ቶሎ መንገድ መጀመር ነበር ሐሳቧ።

ሌላው አባሪ ጎበናር ይባላል። የጦር አባሪ ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሥራው ግን የሌላውን አገር ጦር መቁጠር እንጂ ጦር መያዝ ያልሆነ ሰው ነው። «ሃያ ዓመት ጦር ቆጥሬያለሁ፤ አንድም አልወረወርኩም» እያለ በራሱ ይቀልዳል።

በአራተኛው ቀን ተነሡ። ሐመልማል በጉያዋ የሸምበቆ ጎጆ ይዛለች፤ ውስጡ ከናሆራ መንጋ የተመረጡ ሃያ ንቦች አሉ። አውራ ራሷን በወጉ መመገብ አትችልም፤ ብቻዋን ከቆየች ከስታ ትሞታለች፤ የሚያጎርሷት ልጆች ያስፈልጓታል። ንቦቹ ለሐመልማልም ለጎበናርም ጨዋ ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀን ግን አንዷ አምልጣ የአፈ መንግሥቱን አፍንጫ ነደፈች።

«ጌታዬ፣ ሽቶዎ ነው» አለቻቸው ሐመልማል ደንግጣ። «ንብ ሽቶ የሸተተውን...»

«ሽቶዬን ሦስት ነገሥታት አሽትተው አመስግነውታል» አሉ አፍንጫቸውን እንደ ያዙ። «የንቡን ነገር ስንደርስ በገመዱ ትነግሪኛለሽ። መንገድ ላይ ትምህርት አልፈልግም።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። በጎልማሳነታቸው አንድ አባሪ መንገድ ላይ ያወራው ወሬ ለጠላት ጆሮ ደርሶ ሁለት መንደር ሲያስቃጥል አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ አባሪ ሲያወራ ጆሯቸው ይዘጋል። ሐመልማል ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም አሰኟት። በየምሽቱ ድንኳን ሲተከል ግን አንዲት ጥያቄዋን አትተውም ነበር።

«ጌታዬ፣ እናቴን እንደርስላት ይመስልዎታል?»

«ይህ ከመልእክቱ ውጭ ነው» ይሏታል፤ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በአሥራ አንደኛው የጉዞ ቀን ከታላቁ የጨው ሜዳ ደረሱ። የዚያ ሜዳ ጌቶች ጥላ በሎች ናቸው፤ ዓይን የሌላቸው፣ እንደ ጨው የነጡ፣ ጅብ የሚያካክሉ አውሬዎች። ሥጋ አይነኩም። የሰውን ጥላ ከመሬት ላይ ገሽልጠው ይበላሉ፤ ጥላው የተበላበትም ሰው ቀስ በቀስ እየበረደው ያልቃል።

«ጌታዬ፣ በቀትር እንሻገር» አለ ጎበናር። «በቀትር የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል፤ አውሬዎቹ የሚይዙት አያገኙም። በማለዳ ግን ጥላችን ረዝሞ ከዣንጥላው ውጭ ይወጣል።»

«ቆርዛል መልእክተኛ የሚቀበለው ፀሐይ ወደ መካከል ሳትደርስ ነው» አሉ ወልደራም። «ከቀትር በኋላ ከድንበሩ የደረሰ ለማኝ እንጂ መልእክተኛ አይባልም። በማለዳ እንሻገራለን።»

በማለዳ ተሻገሩ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጨው የመሰላቸው ጉብታ ሁሉ ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ። ሐመልማል የምታደርገው አልነበራትም፤ የሸምበቆውን ጎጆ አቅፋ ጥላዋን ወደ ራሷ ለመሰብሰብ ተኮማተረች፤ ጥላ ግን የሚሰበሰብ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ጎበናር ከዣንጥላው ወጥቶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ እጆቹን ዘረጋ። በሜዳው ላይ የእሱን ያህል ረዥም ጥላ አልነበረም። አውሬዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

ሲመለስ ቁስል አልነበረበትም። ጥላም አልነበረውም።

«ምን ይሰማሃል፣ ጋሼ?» አለችው እያለቀሰች።

«ብርድ» አለ፤ ላቡ ግን ጠብ ጠብ ይል ነበር። «አይዞሽ እህቴ። ጦር ስቆጥር ከመሞት ይሻላል።»

አፈ መንግሥት ወልደራም ከጎበናር እግር ሥር ያለውን ባዶ መሬት ብዙ ተመለከቱ። ካባቸውን አውልቀው አለበሱት።

ወደ ቆርዛል በር ሲቃረቡ ጎበናር እየተንቀጠቀጠ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር አደራ። እነዚህ ሰዎች የሚገድሉት በጦር አይደለም፤ በመርዝ ነው። በሚጠጣ፣ በሚቀባ፣ በሚሸተት። ከሚሰጡት ነገር ይጠንቀቁ።»

በዚህ ጊዜ ሰሙት። ጸጸት የሰውን ጆሮ ይከፍታል። እሳቸውም ያንን ምክር እንደ ክታብ በልባቸው አሰሩት፤ የሆነውም ሁሉ የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው።

የቆርዛል ንጉሥ አዝማሬድ ሦስት ቀን አስጠብቀው በአራተኛው ቀን አስገቧቸው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በመስኮቱ ማዶ ዛፎች አብበው ይታያሉ። ሐመልማል እንደ ገባች ያየችው አበባውን ነው። በዚያ ሁሉ አበባ ላይ አንዲት ንብ አልነበረችም።

ወልደራም ከዣንጥላው ሥር ቆመው፣ በሚያስተጋባ ድምፅ፣ እንዲህ አሉ፦

«የሰባቱ ግንብ ጌታ ሆይ! የናሆራ ንጉሥ ሰላምታ ያቀርባል። ከቤታችን የተወሰደች እናት አለች። ጠብ አንፈልግም፤ እናታችንን እንፈልጋለን።»

አዝማሬድ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አልካዱም። «ንቦቻችን ካለቁ ሦስት ዓመት ሆነ» አሉ። «አበባው ያብባል፤ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ሰረቅሁ። ነገር ግን አውራዋ መጥታም ቀፏችን አልሞላም። የማናውቅበትን ነገር ይዘን ለምን እንዋጋለን? ውሰዷት።»

የወርቅ ሣጥን ቀረበ። ውስጡ ክንፏ የሚያብረቀርቅ አውራ አለች። ሐመልማል ጎንበስ ብላ አየች፤ ክንፉ ቀለም ነው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህች እናታችን አይደለችም» አሉ ወልደራም ፊታቸው ሳይለወጥ።

አዝማሬድ ፈገግ አሉ። «ናሆራ ዓይን ያለው ሰው ልካ እንደ ሆነ ለማየት ነው» ብለው ሌላ፣ የእንጨት፣ ትንሽ ሣጥን አስመጡ። ሐመልማል ገና ሳትጎነበስ አወቀቻት። በግራ ክንፏ ጫፍ ላይ የሰርጉላ እጅ የቆረጣት ትንሽ ምልክት አለች። አውራዋ ከስታለች፤ ግን በሕይወት አለች። ሐመልማል ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበች። ቀኑ ሃያ ሁለተኛው ነው። አሥራ አምስት ሲጨመር ሠላሳ ሰባት። ይደርሳሉ!

«እንግዲህ ወጉ ይፈጸም» አሉ አዝማሬድ። «ከቆርዛል የሚመለስ ነገር ሁሉ የቤታችንን ዝባድ ሳይቀባ ከበር አይወጣም። ያልተቀባ እንደ ተሰረቀ ነው፤ የተቀባ ግን ታርቋል።»

አጋፋሪው በቀንድ የተሞላ ዝባድ ይዞ ብቅ አለ። ሽታው አዳራሹን ሞላው።

ሐመልማል በዋሻው ደጅ የተነጠፉት የሞቱ ንቦች በዓይኗ መጡባት። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበች። አደጋ አለ!

ወልደራም ቀንዱን አዩ፤ ከኋላቸው የሚንቀጠቀጠውን ጎበናርን አዩ። በሚጠጣ፣ በሚቀባ፣ በሚሸተት ብሏቸው ነበር። መርዝ ነው ብለው አሰቡ። ምን ያድርጉ? እንቢ ቢሉ ወግ መስበር፣ ወግ መስበር ደግሞ ጦርነት ነው። አንድ ደፋር ሰው የሚያደርገውን አደረጉ።

«ንጉሥ ሆይ! በናሆራ ወግ ደግሞ ክብር መጀመሪያ የሚወርደው በመልእክተኛው ላይ ነው። አስቀድማችሁ እኔን ቀቡኝ።»

ግንባራቸውን ሰጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፤ አጋፋሪው ቀባቸው። ሐመልማል ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ሐሰት ነው፣ አደጋው ለእርስዎ አይደለም ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ሳበች። እንደገና ሦስት ጊዜ። ገመዱ ስለ ሽታ ቃል የለውም። ስለ መንጋ ቃል የለውም። ልጆቿ አያውቋትም፣ ከበው ይገድሏታል፣ ከዚያ ተራራው ይነቃል፣ እናቴ እዚያ ናት የሚል ቃል የለውም። ደጋግማ ብትስበው የሚለው ያንኑ ነው። ጎበናር ዘወር ብሎ አያት፤ እሱም አፉ ታስሯል።

ወልደራም ቆመው ትንፋሻቸውን ቆጠሩ። መርዝ ቢሆን እስካሁን ይጥላቸው ነበር። አልጣላቸውም። ፊታቸው ፈታ አለ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የሚወዛወዘውን ገመድ በርኅራኄ ያዙት፤ የደነገጠችን ልጅ እንደሚያረጋጋ ሰው።

«እነሆ ሰላም ነው፣ ንጉሥ ሆይ። አውራዋም ትቀባ።»

አጋፋሪው ጣቱን ቀንዱ ውስጥ ነከረ።

«አትቀቧት!»

ጨርቁን ከአፏ መቼ እንደ ቀደደችው ሐመልማል አታውቅም። ገመዱ ከአንጓዋ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ እሷም ከአረንጓዴው ዣንጥላ ሁለት እርምጃ ወጥታ የአጋፋሪውን እጅ ይዛለች። 

«ልጄ፣ ምን አደረግሽ?» አሉ ወልደራም። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

ንጉሥ አዝማሬድ ከዙፋናቸው ቀና አሉ። «ከዣንጥላ የወጣ ሰው የእኔ ነው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። በቆርዛል ሕግ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ልመና ይሰጠዋል። ጩኸትሽን አልቆጥረውም። አስቢበት። ልቀቁኝ ብትዪ፣ በዘውዴ እምላለሁ፣ አሁኑኑ ከዣንጥላው ሥር መልሼ አቆምሻለሁ። እስከ ዛሬ የወጡት ሁሉ የለመኑት እሱን ነው።»

ልመናው የእሷ ብቻ ነውና፣ ወልደራም መናገር ስላልተፈቀደላቸው በከንፈራቸው ብቻ «ልቀቁኝ በዪ፣ ልቀቁኝ በዪ» ይሏታል። ዣንጥላው ሁለት እርምጃ ነው። ሐመልማል መመለስ ፈለገች፤ በሕይወቷ እንደዚህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር የለም። ከተመለሰች ግን አውራዋ ትቀባለች፤ እሷም አሥራ አምስት ቀን ተጉዛ፣ ልጆቿ የሚገድሏትን እናት በጉያዋ ይዛ፣ ወደ ገዛ እናቷ ትደርሳለች። እንባዋ እየወረደ ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አገሬን እፈልጋለሁ፤ አልዋሽም። ልመናዬ ግን ሌላ ነው። አውራዋ ሳትቀባ ትሂድ። ዝባድ ከነካት የገዛ ልጆቿ አያውቋትም፤ ይገድሏታል። የሚይዛትም ሰው ሽቶውን ሁሉ ይታጠብ። በጉያው ያሙቃት። እነዚህ ሃያ ንቦች እስኪለምዷት አንድ ቀን በስስ ጨርቅ ማዶ ያቆያቸው፤ ከዚያ ይቀላቅላቸው።»

«አንድ ልመና ብዬሽ አራት ለመንሽኝ» አሉ አዝማሬድ።

«አንድ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ትኑር ነው።»

ንጉሡ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ አጋፋሪው ቀንዱን ይዞ ወጣ። ቸርነት ብቻ አልነበረም። ንጉሡ መስኮቱን፣ ፍሬ አልባውን አበባ ሲመለከቱ ሐመልማል አየቻቸው። ሰርቀው ያጡትን አሁን በሕግ አግኝተዋል፤ ንብ የሚያውቅ ሰው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከናሆራ ልዑክ ጋር አንድ ቃል እንዳትለዋወጥ ተከለከለች። የሸምበቆውን ጎጆ ከዣንጥላው ጫፍ አስቀምጣ ወደ ላይኛው ሰገነት ተወሰደች። ከዚያ ሆና የሆነውን አየች። አፈ መንግሥት ወልደራም በግቢው ምንጭ አጠገብ ልብሳቸውን አውልቀው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእንዶድ ይታጠቡ ነበር። ጢማቸውን፣ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን ቆዳቸው እስኪቀላ ፈተጉ። በሽቶ የታጠነውን ልብስ ሁሉ ጥለው የአንድ ጭነኛ አሮጌ ጋቢ ለበሱ። አውራዋን በጉያቸው አደረጉ፤ ሐመልማል በመንገድ ታደርግ እንደነበረው፣ ልክ በግራ በኩል። የማያዩ መስለው የሚያዩ ሰው ኖረዋል ለካ። አንድም ንብ አልነደፈቻቸውም።

ጎበናር ከአጠገባቸው ጥላ ሳይኖረው ቆሞ ወደ ሰገነቱ ቀና አለና እጁን አነሣ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሐመልማል ቀን ቆጠረች። ሠላሳ ሰባተኛው ሆነ፤ አርባኛው ሆነ፤ አለፈ። ከቆርዛል ሰገነት የጉርማን ተራራ አይታይም፤ የተነሣ ጭስ ቢኖር እንኳ አይደርስም። ተራራው ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? ነጋዴ የጨው ሜዳውን አይሻገርም፤ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ሥራ ሰጧት፤ ሠራች። ከጫካ የዱር መንጋ አምጥታ፣ ከዝባድ ርቃ፣ አዲስ ቀፎ አቆመች። በዓመቱ የቆርዛል ዛፎች ፍሬ ያዙ። ሰዉ «እመ ንብ» እያለ አከበራት፤ አንዳንዱ ከመንገድ ዘወር ይልላታል። በሩ ግን አልተከፈተላትም። አንዳንድ ቀን ከቀፎው አጠገብ ተቀምጣ፣ የባዕድ ንቦች ዝማሬ እየሰማች፣ ያችን የድሮ ጥያቄዋን ጮክ ብላ ትጠይቅ ነበር። «ከመልእክቱ ውጭ ነው» የሚላት እንኳ ጠፋ።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ ከረፋዱ ላይ፣ የበሩ ቀንደ መለከት ተነፋ። አረንጓዴ ዣንጥላ መጣ!

ሐመልማል ከንጉሥ አዝማሬድ ጀርባ፣ በቆርዛል ባለሙያዎች ቦታ፣ አፏን በጨርቅ ታስራ ቆማ ነበር።  የተቃጠለ አገር መልእክተኛ አይልክም። እንግዲያው ናሆራ አለች፤ መንጋው አለ፤ ሞጋር ተኝቷል። አውራዋ ደርሳለች! ሞጋር መተኛቱ ግን ሰርጉላ በሕይወት አለች ማለት አይደለም። ያ ሁሉ ቀን፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ዕድሜ።

መልእክተኛው ወጣት፣ ድምፀ መረዋ ሰው ነው፤ ስለ ድንበር መናገር ጀመረ። ከጀርባው በቀኝ፣ በጦር አባሪው ቦታ፣ የማታውቀው ጎልማሳ ተቀምጧል። ሐመልማል ስለ ጎበናር የምትጠይቀው አልነበራትም፤ ቦታው መለሰላት። በግራ፣ በንብ አባሪው ቦታ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጢማቸው አልተበጠረም፤ ሽቶ አይሸቱም፤ እጃቸው በንብ ንድፊያ ተዥጎርጉሯል። አፋቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ አንጓቸው ላይ አረንጓዴ ገመድ አለ።

አፈ መንግሥት ወልደራም ነበሩ። ለናሆራ የሚናገረውን አፍ ለሌላ ሰጥተው፣ በሷ ቦታ፣ በሷ ገመድ ተቀምጠዋል።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሳቸው መናገር አይችሉም፤ እሷም አትችልም። ሐመልማል በፊቷ ላይ ያለው ምን እንደሚመስል አታውቅም። ግን ድንኳን በሚተከልበት ሰዓት ስትጠይቃቸው የነበረው ፊት ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና ገመዱን ሳቡት። አንድ ጊዜ።

ወጣቱ መልእክተኛ ንግግሩን አቋርጦ ግራ ተጋብቶ ዞረ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ስለ ንብም የተነሣ ነገር የለም። ወልደራም ወደ እሱ አላዩም። ዓይናቸው ከሐመልማል ላይ ነው፤ እንባቸው ወደ ነጩ ጨርቅ ይወርዳል።

እውነት ነው ማለታቸው ነበር። ደረስንላት።

ሐመልማል የምትስበው ገመድ አልነበራትም። ባዶ እጇን አነሣች፤ አየሩን ያዘችና አንድ ጊዜ ሳበችው።